«ኢትዮጵያ»ን ጠረጴዛ ላይ፦ ስለ ትልቅ የጦር መርከብ ሞዴል ሥራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ አንድ ሜትር ከ31 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም የጦር መርከብ አለች። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ቡናው ሳይቀርብ ስለ እሷ መጠየቅ ይጀምራል። ጥያቄዎቹ ደግሞ ይመሳሰላሉ። ራሳቸው መሥራት የሚፈልጉ ወጣቶችም እየበዙ ስለመጡ መልሶቹን አንድ ላይ ጽፌ ላስቀምጣቸው አልኩ።

ይህቺ መርከብ በእውነት ነበረች?

ነበረች። የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ ናት። ስሟ «ኢትዮጵያ»፣ ቁጥሯ ኤ-01። መኖሪያዋ ምጽዋ ነበር። ዕጩ መኮንኖች ባሕሩን የተማሩት በእሷ ላይ ነው።

የተሠራችው ግን አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1942 ውኃ ላይ ወረደች። በጃንዋሪ 1944 «ኦርካ» ተብላ አገልግሎት ጀመረች። ያኔ ሥራዋ ውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ፣ ጥይትና ጥገና ማቅረብ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስከ ፊሊፒንስ ዘልቃለች። ኋላዋ ላይ ያለው ሰፊ ገላጣ ወለል የዚያ ዘመን ሥራዋ ነው፤ ሞዴሉን ስትሠሩ ይህን ካወቃችሁ ቅርጿ ግራ አያጋባችሁም።

በጃንዋሪ 1962፣ በእኛ 1954 ዓ.ም.፣ ወደ ኢትዮጵያ ተላለፈች። ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀይ ባሕር ላይ አገለገለች። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ የመን ሸሸች። እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረቷ ተብላ ተሸጠች፣ ተቆራረጠች። ሄደን የምንለካት መርከብ የለችም። እኔን ወደዚህ ሥራ ያስገባኝም ይኸው ነው። ያገለገሉባት ሰዎች ዛሬም በመሃላችን አሉ፤ መርከቧ ግን የለችም።

ባሕር በሌለበት ከተማ ምን አሠራችሁ?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። መልሴ አጭር ነው። ወደ ዕቃ ለመቅረብ ሥራው ይበቃል፤ ባሕሩ ደጅ መሆን የለበትም። አራት ኪሎ ተወልዶ፣ ምጽዋን አንድ ቀን አይቶ የማያውቅ ልጅ የዚህችን መርከብ እያንዳንዱን በር በጣቱ ከሠራ፣ ታሪኩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። እኔ በራሴ አይቼዋለሁ።

ስኬሉን እንዴት ልምረጥ?

ይህ ጥያቄ የሁሉም በኩር ነው። እዚህ ላይ ከተሳሳታችሁ ሁለት ዓመት ለፍታችሁ ከበር የማይወጣ መርከብ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

እውነተኛዋ መርከብ 94.7 ሜትር ትረዝም ነበር። ወርዷ 12.5 ሜትር ገደማ። በ1:700፣ ማለትም ከእውነተኛዋ 700 ጊዜ አሳንሳችሁ ከሠራችኋት 13 ሴንቲ ሜትር ተኩል ትሆናለች፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች ማለት ነው። በ1:350፣ 27 ሴንቲ። በ1:100፣ 95 ሴንቲ። በ1:72፣ 131.5 ሴንቲ። በ1:48 ደግሞ 197 ሴንቲ ትሆናለች፤ ወርዷ ብቻውን 26 ሴንቲ ነው። ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ነገር በኮንዶሚኒየም ደረጃ ጠምዝዞ ማውጣት ከባድ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት በልኩ ጣውላ ቁረጡና ከሳሎን እስከ ግቢ በር ድረስ ተሸክማችሁ ሂዱ። የምሬን ነው፣ ሞክሩት።

እኔ 1:72 የመረጥኩት ፒያሳ ስኖር ነው፣ የቤቴን ኮሪደር ለክቼ። በ2016 ዓ.ም. ሠፈራችን ለልማት ሲነሳ ያልተጠናቀቀውን ገላዋን በጋቢ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ፣ ጭኔ ላይ አጋድሜ ነው ልደታ ያመጣኋት። ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ፤ ከፈልኩ። 1:48 ብትሆን ኖሮ የምትገባ አይመስለኝም።

ስኬል ግን የርዝመት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሁሉም ነገር አብሮ ያንሳል። በ1:72 አንድ 1.70 ሜትር ሰው ከ24 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በሩ ወደ 25 ሚሊ ነው።

ይህን የተማርኩት ከአንድ የቀድሞ መርከበኛ ነው። የድሮ ጎረቤቴ ናቸው፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። የወለሉን የዳር መደገፊያ ሠርቼ ጨርሼ፣ ኮርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና አሉና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ልጄ፣ እዚህ ነበር የሚደርሰን» አሉኝ። «ይኼ እኮ ከጭንቅላታችን በላይ ነው።» ለካሁት። 25 ሚሊ አድርጌዋለሁ። በ72 ስናባዛው 1 ሜትር ከ80 ይሆናል። መሆን የነበረበት 14 ሚሊ ነው። ሁሉንም ነቅዬ እንደገና ሠራሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ነገር ከመቁረጤ በፊት አጠገቡ 24 ሚሊ የተቆረጠች ክብሪት እንጨት አቆማለሁ። ሰውዬው ናት። በሩ ሰውዬውን ካላስገባ፣ ደረጃው ካላስወጣው ልኩ ስህተት ነው።

ፕላኑን ከየት ላግኝ?

መልካሙ ዜና፣ መርከቧ ብቻዋን የተሠራች አይደለችም። «ባርኔጋት» የሚባል ዓይነት ናት፤ እህቶቿ ከ30 በላይ ነበሩ። አንዷ ለኖርዌይ ተሰጥታ «ሆከን ሰባተኛ» ተብላለች፤ ብዙዎቹ ደግሞ ለአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ አገልግለዋል። ስለዚህ የዚህን ዓይነት ንድፍና ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ማግኘት ይቻላል። በተለይ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ታሪክ ክፍል ያስቀመጣቸውን የ«ኦርካ» ፎቶዎች ፈልጉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። እህትማማች ናቸው ማለት መንታ ናቸው ማለት አይደለም። መድፉ፣ ራዳሩ፣ ምሰሶው ከመርከብ መርከብ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። እ.ኤ.አ. የ1944ቷን «ኦርካ» ነው የምትሠሩት ወይስ የ1960ዎቹን «ኢትዮጵያ»? መጀመሪያ ዓመቱን ወስኑ። ከዚያ የዚያን ዓመት ፎቶ ብቻ እመኑ።

ለእኛው ዘመኗ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሂዱ። ከብሔራዊ ትያትር ብዙም አይርቅም። የድሮ «አዲስ ዘመን» እና «ሄራልድ» ቅጾች አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ምጽዋ ወርደው የባሕር ኃይል ቀን የሚከበርበትን ሰሞን እትሞች ጠይቁ። የጋዜጣ ፎቶ ደብዛዛ ነው፤ ግን ጀልባው የት እንደተሰቀለ፣ ቁጥሩ የቱ ጋ እንደተጻፈ ለማየት ይበቃል። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም መሄድ ጥሩ ነው። ከሁሉም በላይ ግን አዛውንቶቹን ጠይቁ። አልበም ያላቸው አሉ። ፎቶውን አትውሰዱባቸው፤ እዚያው ቁጭ ብላችሁ በስልካችሁ አንሱት።

ገላውን ከምን ልሥራ? እንዴት?

ሦስት መንገድ አለ፤ ከወፍራም ግንድ መጥረብ፣ ከፋይበር ግላስ ማውጣት፣ በአጥንትና በልባስ (አጥንቱ ላይ ስስ እንጨት እያለበሱ) መሥራት። እኔ የማውቀውና የምወደው ሦስተኛውን ነው። የእውነተኛ መርከብ አሠራርም ለእሱ ይቀርባል።

መጀመሪያ የጀርባ አጥንቱን ከ6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ትቆርጣላችሁ። ከዚያ ጎድኖቹን ከ4 ሚሊ። ፕላኑ ላይ ገላዋ በመስመር ተከፋፍሎ ታገኙታላችሁ፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ጎድን ነው። 20 ቦታ ከከፈላችሁት በ1:72 በየ6.6 ሴንቲ አንድ ጎድን ይቆማል። አፍንጫውና ኋላው ላይ ቅርጹ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ጎድኖቹን አቀራርቡ። ሁሉንም ዝርግ ሰሌዳ ላይ፣ መርከቧን ገልብጣችሁ፣ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋችሁ አቁሙ። ሰሌዳው ጠማማ ከሆነ መርከቧም ጠማማ ትሆናለች፤ በኋላ የሚያቃና ነገር የለም።

አሁን ደግሞ የእኔ ትልቁ ጥፋት። ጎድኖቹን ልክ በፕላኑ ቆረጥኳቸው። ከዚያ 3 ሚሊ ልባስ አለበስኩ። ስለካው መርከቧ 6 ሚሊ ወፍራለች፤ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት። በእውነተኛው ልክ 43 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። የአራት ወር ሥራ ነበር። ሙሉውን አፍርሼ እንደገና ጀመርኩ። ፕላኑ የሚያሳየው የውጪውን ቅርጽ ነው። የልባሱን ውፍረት ከጎድኑ ዙሪያ ቀንሱ። እባካችሁ ይህን ግድግዳ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ።

ለልባስ የተጣለ የድሮ ቁም ሳጥን ካገኛችሁ አትለፉት። ዝግባ ከሆነ በጣም ጥሩ፤ ጭረቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል። ዋንዛም ለሥራ ይመቻል። 3 ሚሊ ውፍረት፣ 8 ሚሊ ወርድ አድርጎ የሚሰነጥቅላችሁ አናጺ ፈልጉ። አፍንጫው ላይ የሚታጠፈውን ፍልጥ ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ወይም የሚፈላ ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ በእንፋሎት እያሞቃችሁ ቀስ ብላችሁ አጥፉት። አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ እያላችሁ ለጥፉ። በአንድ ጎን ብቻ ከቀጠላችሁ ኮላው ሲደርቅ ገላዋን ይጠመዝዘዋል።

ከዚያ የመኪና ስቱኮ ነው። ቀቡ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ እንደገና ቀቡ። እኔ ዘጠኝ ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ሌሊት መብራት አጥፍታችሁ የስልካችሁን ባትሪ ከጎን፣ ከገላዋ ጋር አስተካክላችሁ አብሩት። ቀን የማይታየው ጉድጓድ ሁሉ ጥላ ሆኖ ይወጣል። በእርሳስ እያከበባችሁ ምልክት አድርጉበት። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ የጣፈጠኝ እሱ ነው። እጄን ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ሳሳልፍ ምንም ሳያደናቅፈኝ ያለፈበትን ምሽት አልረሳውም።

ዕቃውን ከየት ልግዛ?

ለዚህ ሥራ ተብሎ የታሸገ ዕቃ ስትፈልጉ አትድከሙ። መርካቶ ሂዱ። ከዚያም ውስጥ ምናለሽ ተራ። የተሰበረ ሬዲዮ አንቴና ለምሰሶ ይሆናል፤ ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ የተሠራው ለእኛ ነው የሚያስብል። የጃንጥላ ዘንግ ለክሬኑ ክንድ ይሆናል። ቀጭን የመዳብ ሽቦ ከፈለጋችሁ የተቃጠለ ሞተር የሚጠቀልሉ ሠራተኞች ጋ ሄዳችሁ ቁራጭ ጠይቁ፤ እኔ የሄድኩበት ቤት በነፃ ነው የሰጠኝ። ለመደገፊያው ቋሚዎች የልብስ ስፒል ጭንቅላቱን ቆርጣችሁ ተጠቀሙ። ኮላ፣ ስቱኮ፣ ቲነር፣ ፒንሳ፣ ትንሽ ሞርሳ፣ ሴጌቶ የትም የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ አለ።

አንድ ነገር ላይ አትቆጥቡ፤ መለኪያ። ጥሩ ካሊፐር ግዙ። የልብስ ሰፊ ሜትር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በሌዘርና በ3ዲ ፕሪንተር ማሠራት ነውር ነው?

ኧረ በጭራሽ። የማስታወቂያ ቤቶች አክሪሊክና ስስ እንጨት በሌዘር ይቆርጣሉ። የሕንፃ ኮሌጅ ተማሪዎች ሞዴላቸውን ሲያሠሩ ጠይቋቸው፤ የትኛው ቤት በጥንቃቄ እንደሚቆርጥ ያውቃሉ። እኔ ራሴ ሃያውንም ጎድን ሁለተኛ ጊዜ ያስቆረጥኩት በሌዘር ነው። 3ዲ ፕሪንተር ደግሞ ለሚደጋገሙ ጥቃቅን ነገሮች ጥሩ ነው፤ ለምሳሌ ለሕይወት አድን ጀልባዎች፣ ለመልሕቅ፣ ለአየር ማስገቢያ። ልኩን ግን ራሳችሁ አውጡ። ማሽኑ የሰጣችሁትን ስህተት አሳምሮ ነው የሚሠራው።

መድፉን በእጅ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። ዋናው መድፏ ባለ 5 ኢንች ነው፤ የአፈሙዙ ቀዳዳ 127 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። «5 ኢንች/38» በሚለው ስሙ ላይ የምታዩት 38 ቁጥር የአፈሙዙን ርዝመት ይነግራችኋል፤ የቀዳዳው 38 እጥፍ። 127 ሲባዛ በ38 ወደ 4.83 ሜትር ይመጣል። በ1:72፣ 67 ሚሊ። ቀዳዳው 1.8 ሚሊ ነው። የነሐስ ዘንግ ድሪል ላይ አስሩና እየተሽከረከረ በሞረድ አቅጥኑት። ጫፉን በቀጭን መብሻ ብሱት። ሞረዱን አትጫኑት፣ አስነኩት ብቻ። ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ።

ቀለም መቼ፣ የት ልቀባ?

በክረምት ባትቀቡ ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ የአዲስ አበባ አየር እርጥብ ነው፤ በቲነር የቀጠነ ቀለም ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ያወጣል፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈጃል። እንጨቱም በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ልባሱን አልብሳችሁ አንድ ወቅት ጠብቁ። ከስንጥቅ የሚያድናችሁ እሱ ነው። እኔ ክረምቱን ለጥቃቅኑ ሥራ ትቼ፣ ቀለሙን ለጥቅምትና ለኅዳር አቆየዋለሁ።

ግራጫው አንድ ዓይነት አይሁን። ከጣሳ የወጣ ግራጫ ትንሽ መርከብ ላይ ጠቁሮ ይታያል። ትንሽ ነጭ ቀላቅሉበት። ወለሉን ከጎኑ ጠቆር አድርጉት። ከውኃ በታች ያለውን ቀይ ቡናማ ከመቀባታችሁ በፊት መስመሩን በእርሳስ አስምሩ። እርሳሱን ቁራጭ እንጨት ላይ አስራችሁ፣ መርከቧን ዝርግ ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ፣ እንጨቱን ዙሪያዋን ግፉት። መስመሩ ፀጉር አይዛነፍም።

አሁን አንድ ነገር በጣም አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የምንኖረው ከሰል በሚነድበት ቤት ነው። ቡና እየተፈላ፣ ዕጣን እየጨሰ ቲነር አትክፈቱ። የቲነሩ ትነት የሚታይ አይደለም፣ ወለል ወለሉን ሄዶ እሳት ይፈልጋል። በረንዳ ላይ ቀቡ፣ የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ፣ ልጆች አርቁ። ቡናው ከተጠጣና ከሰሉ ከጠፋ በኋላም ቀለም መቀባት ይቻላል።

መብራት ሲጠፋስ?

ብርጭቆ ወረቀት መብራት አይጠይቅም። በጨለማ በጣት የሚሠራ ሥራ አቆዩ።

ትንሳፈፋለች?

ትንሳፈፋለች፤ ግን ክብደቷን አስሉ። እውነተኛዋ ለሥራ ስትወጣ ወደ 2,600 ቶን ትመዝን ነበር። ክብደት በርዝመት ልክ አይቀንስም፤ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ሦስቱም በ72 ስለሚያንሱ ክብደቱ በ72 ሦስት ጊዜ ይካፈላል፤ ለ373,248 ማለት ነው። ውጤቱ 7 ኪሎ ገደማ ነው። ሞዴላችሁ 7 ኪሎ ከመዘነች ውኃው ልክ መስመሯ ላይ ይደርሳል። የእኔዋ ባዶዋን 4 ኪሎ ነበረች። የጎደለውን ሦስት ኪሎ ከጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ፣ በተቻለ መጠን ታች፣ በቁርጥራጭ ብረት ሞላሁት። ክብደቱን ከፍ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት ትገለበጣለች።

ለመሞከር ሐይቅ አያስፈልግም። አራት ጣውላ በሳጥን ቅርጽ ግጠሙ፤ ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር። ውስጡን ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉ። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ይበቃዋል። ውኃ በመጣ ቀን አድርጉት፤ ውኃውንም በኋላ ለወለል ማጠቢያ ተጠቀሙበት።

የእኔን የሞከርናት ከጋሼ ጋር ነው። ወደ ግራ ትንሽ አዘነበለች። እሳቸው ቀኙ ላይ አንድ ብሎን አስቀመጡ። ቀና አለች። ብሎኑን ዛሬም አላነሳሁትም።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

እኔን ሦስት ዓመት ተኩል ፈጅቶብኛል፤ ማታ ማታና እሁድ እሁድ፣ ያፈረስኩትን ጨምሮ። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አታወጡትም፤ ወር በወር ትንሽ ትንሽ ነው።

ካለቀች በኋላ የት ትቀመጥ?

መስታወት ሳጥን ውስጥ። ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የለኝም። መሃል ከተማው ግንባታ ላይ ነው፣ አቧራው በመስኮት ስንጥቅ ሳይቀር ይገባል። የመደገፊያው ሽቦ ላይ ያረፈ አቧራ በጨርቅ አይጸዳም፣ ሽቦውን ይዞት ይነቀላል። ሳጥኑ እስኪሠራ ድረስ ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ ተጠቀሙ። ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው መስኮት አርቋት፤ ቀለሙ ይነጣል፣ ልባሱ ይሰነጠቃል። ሳጥኑን ስታሠሩ ለመስታወት ሠሪው የመርከቧን ርዝመት ብቻ እንዳትነግሩት። የምሰሶዋን ከፍታ ለክታችሁ 5 ሴንቲ ጨምሩበት፤ በየጎኑም ለእጅ መግቢያ 10 ሴንቲ ተዉ።